የኬቤክ ድልድይ ታሪክና የመሐንዲሶች ትምህርት

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው የአበው ተረት ከቤተ ክህነት ትምህርት የወጣ ቢሆንም፣ ለማናቸውም ሞያ የሚስማማ ምክር ነው። ሐኪም በደንብ ሳይማር ቢያክም በአንድ ጊዜ የሚጐዳው አንድ በሽተኛ ነው፤ መሐንዲስ ግን አንዲት ቍጥር ቢሳሳት፣ በዚያች ቍጥር ተማምነው ከብረቱ ላይ የወጡ ብዙ ሠራተኞች ባንድነት ይጠፋሉ። ስለዚህ የሥራ ቦታን ደኅንነትና የሠራተኛን ጤንነት አጠባበቅ ለምሕንድስና ተማሪዎች ማስተማር፣ ከዋናው ትምህርት በኋላ እንደ ምርቃት የሚጨመር ነገር ሳይሆን፣ ከዋናው ትምህርት አንዱ ክፍል ሊሆን ይገባዋል። ለዚህ አሳብ በካናዳ አገር የተሠራውን የኬቤክን ድልድይ ታሪክ ያህል ግልጥ ምስክር የሚሆን ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

በኬቤክ ከተማ አጠገብ የሚያልፈው የሴንት ሎረንስ ወንዝ ሰፊና ጥልቅ፣ በብርድም ወራት በረዶ የሚሞላው በመሆኑ፣ በላዩ ድልድይ መዘርጋት እጅግ አስቸጋሪ ነበር። የሥራው ዋና አማካሪ ሆነው የተመረጡት በኒውዮርክ የሚኖሩት ሚስተር ቴዎዶር ኩፐር፣ በዘመናቸው ስማቸው የታወቀ የድልድይ መሐንዲስ ነበሩ። በመጀመሪያው ንድፍ በሁለቱ ታላላቅ ዓምዶች መካከል ያለው ርቀት 1600 ጫማ እንዲሆን ታስቦ ነበር። በ1900 ግን ሚስተር ኩፐር ዓምዶቹ ወደ ዳር ቀርበው ውሃው ባልጠለቀበት ቦታ እንዲቆሙና ርቀቱም 1800 ጫማ እንዲሆን አሳብ አቀረቡ። በስኮትላንድ በ1890 የተመረቀው የፎርዝ ድልድይ ርቀት 1710 ጫማ ስለ ነበረ፣ የኬቤክ ድልድይ በዚህ ረገድ ከዓለም አንደኛ ሊሆን ነው። የብረቱን ሥራ የያዘው በአሜሪካ አገር በፔንሲልቫኒያ የሚገኘው የፊኒክስ ድልድይ ኩባንያ ነበር።

የድልድዩ አሠራር ከሁለቱ ዳርቻዎች እንደ ክንድ ወደ ወንዙ መካከል የሚዘረጋ፣ ከሥሩም ድጋፍ የሌለው ነበር። በእንዲህ ያለው ሥራ ክንዱ በረዘመ መጠን ክብደቱ ይጨምራል፤ ከታች በኩል ያሉት ታላላቅ ብረቶችም ይህን ሁሉ ክብደት በግፊት ይሸከማሉ። አንድ ቀጭን ዘንግ ከላይ ሲጫኑት ከመሰበሩ አስቀድሞ ወደ ጐን እንደሚጐብጥ፣ እነዚህም ብረቶች ከዐቅማቸው በላይ ሲጫኑ የሚያሳዩት የመጀመሪያ ምልክት መጕበጥ ነው። ርቀቱ ከ1600 ወደ 1800 ጫማ ባደገ ጊዜ የድልድዩ የራሱ ክብደት እንደ ገና በሚገባ ሳይሰላ ቀረ። ስሕተቱ የታወቀው በ1906፣ ብዙው ብረት ከተሠራና ከፊሉም ከቦታው ከቆመ በኋላ ነበር። ሚስተር ኩፐርም የተጨመረውን ጫና ብረቱ ይችለዋል ብለው ስለ ፈረዱ ሥራው ቀጠለ።

በ1907 በነሐሴ ወር ከታች ካሉት ብረቶች አንዳንዶቹ መጕበጥ ጀመሩ። በቦታው ሆነው ሥራውን ለሚስተር ኩፐር ይከታተሉ የነበሩት ወጣቱ መሐንዲስ ኖርማን መክሉር ሁኔታውን በደብዳቤ አስታወቁ። ነገር ግን ብረቱ የጐበጠው ከመተከሉ በፊት ነው ወይስ ከተተከለ በኋላ በሚለው ላይ ክርክር ተነሥቶ፣ ደብዳቤ ሲሄድ ደብዳቤ ሲመጣ ቀኑ አለፈ። ቀድሞ የሦስት አራተኛ ኢንች ጕብጠት የነበረው አንዱ ብረት በጥቂት ቀኖች ውስጥ ሁለት ኢንች ከሩብ ሆኖ ተገኘ። በዚህን ጊዜ ሚስተር መክሉር ጉዳዩን በቃል ለማስረዳት ወደ ኒውዮርክ ተጓዙ። ነሐሴ 29 ቀን ሚስተር ኩፐር ነገሩን እንደ ሰሙ፣ በድልድዩ ላይ ሌላ ጭነት እንዳይጨመር በፔንሲልቫኒያ ወዳለው ኩባንያ ቴሌግራም ላኩ። ወደ ሥራው ቦታ ግን ሥራውን የሚያስቆም ትእዛዝ በጊዜው አልደረሰም።

በዚያው ቀን ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ሠራተኞቹ ወደየቤታቸው ሊበተኑ ጥቂት ጊዜ ሲቀራቸው፣ በደቡብ በኩል የተዘረጋው ክንድ በሙሉ ተደርምሶ ወንዙ ውስጥ ገባ። በላዩ ከነበሩት 86 ሠራተኞች 75ቱ ሞቱ። ከነዚህም መካከል 33ቱ ከካናዋኬ መንደር የመጡ የሞሃውክ ነገድ ሰዎች ስለ ነበሩ፣ የአንድ ትንሽ መንደር አባወራዎችና ጐልማሶች በአንድ ምሽት አለቁ።

መንግሥቱም ወዲያው ሦስት መሐንዲሶች ያሉበት መርማሪ ኮሚሲዮን አቋቋመ። ከሦስቱ አንዱ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ትምህርት ዲን የነበሩት ጆን ጋልብሬት ናቸው። ኮሚሲዮኑ በ1908 ባወጣው መግለጫ፣ ድልድዩ የወደቀው ከታች ያሉት ብረቶች ንድፍ ጕድለት ስለ ነበረበት መሆኑን ገልጦ፣ የፍርድ ስሕተት የፈጸሙት ሚስተር ኩፐርና የኩባንያው የንድፍ ኀላፊ ሚስተር ሽላፕካ መሆናቸውን አስታወቀ። ከሁሉ ይልቅ መምህራንን ሊያሳስብ የሚገባው ግን ቀጥሎ ያለው ነው፤ ስሕተቱ ከተራ የሞያ ዕውቀት ማነስ፣ ከቸልተኝነት ወይም ገንዘብ ለመቈጠብ ከመፈለግ የመጣ አይደለም ሲል ኮሚሲዮኑ መሰከረ። እንግዲህ የጠፋው የሒሳብ ቀመር አልነበረም። የጠፋው የታወቀውን ቍጥር ተመልሶ የመመርመር ልማድና፣ በሥራው ቦታ ሆኖ «ይቁም» ለማለት የሚበቃ ዕውቀትና ሥልጣን ያለው ሰው ነበር። ድልድዩ ግን እንደ ገና ተነድፎ ሲሠራ፣ በ1916 የመካከለኛው ክፍል ወደ ላይ ሲነሣ ወድቆ ሌሎች 13 ሰዎች ሞቱ። ሥራው የተፈጸመው በ1917 ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በ1922 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የማዕድን ምሕንድስና መምህር የነበሩት ኸርበርት ሆልተን፣ ከትምህርት ቤት የሚወጡ ወጣት መሐንዲሶች የሞያቸውን ግዴታ በቃል ኪዳን እንዲቀበሉ አሳብ አቀረቡ። የሥርዓቱን ቃል እንግሊዛዊው ደራሲ ሩድያርድ ኪፕሊንግ ጻፉት፤ የመጀመሪያውም ሥነ ሥርዓት በ1925 በሞንትሪያል ከተማ ተፈጸመ። ቃል የገባው መሐንዲስ በሚሠራበት እጁ ትንሽ ጣት ላይ ቀለበት ያደርጋል፤ ንድፍ በሚነድፍበትም ጊዜ ቀለበቱ ወረቀቱን እየነካ ግዴታውን ያስታውሰዋል። የመጀመሪያዎቹ ቀለበቶች ከወደቀው ድልድይ ብረት ተቀጥቅጠው ተሠሩ እየተባለ ይነገራል፤ ይህ ግን እውነት አይደለም። እውነቱ ሳይጨመርበት ይበቃል፤ አንድ መምህር ከክፍሉ ውስጥ የሚጐድለውን ነገር ተመልክቶ ሊሞላው ተነሣ።

ሆኖም ቀለበት ማስታወሻ እንጂ ትምህርት አይደለም። ሕግም ብቻውን አይበቃም፤ በየአገሩ የደኅንነት ሕግ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ሰው ካለቀ በኋላ ነውና፣ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለውን ተረት ያስታውሳል። ይህን የተረዳው ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት በ1981 ባወጣው ስምምነት ቍጥር 155 ሁለት ቁም ነገሮችን አስፍሯል። በ13ኛው አንቀጽ፣ ሠራተኛ ለሕይወቱ የሚያሠጋ ከባድና ቅርብ አደጋ መኖሩን በበቂ ምክንያት አምኖ ከሥራው ቢለይ፣ ስለዚህ ያለ አግባብ እንዳይጐዳ ያዛል። በ14ኛውም አንቀጽ፣ የሥራ ደኅንነትና ጤንነት ጉዳይ ከፍተኛውን የቴክኒክ ትምህርት ጨምሮ በየደረጃው ትምህርት ውስጥ እንዲገባ ያሳስባል።

ከ1923 ጀምሮ የዚህ ድርጅት አባል የሆነችው ኢትዮጵያ ስምምነቱን በ1991 አጽድቃለች። በ2019 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156ም ሠራተኞች ስለ ሥራቸው አደገኛነት ተገቢውን ትምህርትና ማስገንዘቢያ እንዲያገኙ ማድረግን የአሠሪው ግዴታ አድርጎታል። በአዲስ አበባ የቴክኒክ ትምህርት ቤት በ1942 ከተከፈተ፣ የምሕንድስና ኮሌጅም በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከተቋቋመ ወዲህ ብዙ ትውልድ በሞያው ሠልጥኗል። ነገ በአሠሪው ስም ሠራተኛውን የሚያዝዘው ዛሬ በክፍል ውስጥ ያለው ተማሪ ነውና፣ የአዋጁ ቃል በሥራ መዋሉ ከመምህሩ ይጀምራል።

ይህም ትምህርት ስለ ቆብና ስለ ጓንት በመናገር ብቻ የሚፈጸም አይደለም። አስቀድሞ አደጋውን ከንድፉ ማስወገድ፣ ያልተወገደውን መከለል፣ ቆብና ጓንት ግን የመጨረሻው መከላከያ መሆናቸውን ማስረዳት ይገባል። መምህሩ የብረት ጥንካሬ ስሌት ሲያስተምር ንድፉ በተለወጠ ቍጥር ክብደቱን እንደ ገና ማስላትን ያለምድ፤ የኬቤክንም ታሪክ አቅርቦ፣ ሥራውን ማቆም ይቻል የነበረው በየትኛው ቀንና በማን ትእዛዝ እንደ ነበር ተማሪዎቹን ይጠይቅ። ደግሞም ከፍ ያለ ዲፕሎማ የያዘ መሐንዲስ፣ ካቦው ወይም ተራው ሠራተኛ «ይህ ብረት ጐብጧል» ባለው ጊዜ ክርክሩን ትቶ ሰዎቹን አስቀድሞ እንዲያወርድ ያስተምር። በነሐሴ 1907 ጕብጠቱ ታይቶ ነበር፤ ተለክቶም ነበር፤ ተጽፎም ነበር። ለ75ቱ ሰዎች ሳይደረግላቸው የቀረው ከብረቱ ላይ ውረዱ መባል ብቻ ነው።