የትሮትል ቦዲ ብልሽት ምልክቶች

ትሮትል ቦዲ በቤንዚን ተሽከርካሪ ላይ ወደ ሞተሩ የሚገባውን የአየር መጠን የሚቆጣጠር ክፍል ነው። ዳገትና ቁልቁለት ባለው ከሐይቅ ወደ አምባሰል ወረዳ ውጫሌ ከተማ በሚወስደው መንገድ የሚጓዙ አሽከርካሪዎች የሚከተሉትን ምልክቶች ካስተዋሉ ከጉዞ በፊት ተሽከርካሪውን ማስመርመር ይኖርባቸዋል፦

• ሚኒሞ ከፍ ዝቅ ማለት ወይም ተሽከርካሪው ሲቆም ሞተሩ በራሱ መጥፋት፤
• ነዳጅ ሲሰጥ መዘግየት፣ በዳገት ላይ ጉልበት ማጣት፤
• የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት መብራት።

ያረጀ ካንዴላ ወይም የተዘጋ የአየር ፊልትሮም ተመሳሳይ ምልክት ስለሚያሳይ፣ ዕቃው ከመለወጡ በፊት በኮምፒዩተር ይመርመር። ችግሩ የተጠራቀመ ጥላሸት ብቻ ከሆነ በማጽዳት ይፈታል።

ነዳጅ መስጫው ተለቆም ሞተሩ ካልቀነሰ፣ ፍሬኑን አጥብቀው ይያዙ፤ ማርሹን ዜሮ ያድርጉ። ሞተሩን የሚያጠፉት ተሽከርካሪው ከቆመ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ ከጠፋ ፍሬኑና መሪው ይከብዳሉ።