ጡረታ ከየት መጣ? መውጣት ይሻላል ወይስ መቆየት?



ባለፈው ዓመት በዚሁ መጽሔት ስለ ድንኳንና ስለ ወንበር አያያዝ ያቀረብነው ጽሑፍ ጥቂት አሰልቺ እንደነበር በግልጽ የነገራችሁን አላችሁ፤ እግዜር ይስጥልን። ዘንድሮ ሰው ሁሉ በሚነጋገርበት ጉዳይ ላይ እንጻፍ ብለን ተነስተናል። በዚህ ዓመት ከአባሎቻችን ሦስቱ 60 ዓመት ሞላቸው። አንደኛውን መሥሪያ ቤታቸው በኮንትራት ይቆዩልን ብሏቸዋል፤ ሁለተኛው የጥበቃ ሥራ ተገኝቶላቸው ልግባ አልግባ እያሉ ነው፤ ሦስተኛው በቃኝ ብለው ቤታቸው ተቀምጠዋል። ለቅሶ ቤት በተቀመጥን ቁጥር ከንፍሮው ጋር የሚቀርበው ወሬ ይኸው ሆነ። አንዱ «ጡረታ የፈረንጅ ነገር ነው፤ አባቶቻችን እስኪሞቱ ነበር የሚሠሩት» ሲል፣ ሌላው «ኧረ ንጉሥ እንኳ በቃኝ ብሎ ይመንን ነበር» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኛ ዕድሜያችንን የፈጀነው በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት፣ የሰው የግል ማኅደር ስናገላብጥ ነውና የምናውቀውን ያህል እንጽፋለን።

ቃሉ ራሱ የፈረንጅ አይደለም። ጦረ፣ ጧሪ፣ ጡረታ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። በአገራችን ልጅ የሌለው ሰው «ጧሪ ቀባሪ የለኝም» ይላል እንጂ «ደመወዝ የለኝም» አይልም። በገጠር ደግሞ ልጆች መሬት ሲካፈሉ አባትና እናቱን ለሚጦረው ልጅ ከሌሎቹ ተለይቶ አንድ ነገር ይታሰብለት ነበር። ልጅ ያልወለደችም ባልቴት ሽማግሌ ፊት ቀርባ «እስክሞት ጡረኝ፣ ስሞት ቅበረኝ፣ ተዝካሬን አውጣ፤ ያለኝ ላንተ ይሁን» ብላ ትዋዋላለች። ልብ በሉ፣ ይህ ውል ጡረታም ዕድርም ነው። የእኛ ዕድር ከሁለቱ ቀባሪነቱን ወሰደ፤ ጧሪነቱ ግን ለመንግሥት ካዝና እስኪደርስ ረጅም መንገድ ሄዷል።

ገበሬው በአንድ ቀን ጡረታ አይወጣም፤ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። መጀመሪያ ሞፈሩን ለልጁ ይለቃል፤ ቀጥሎ ከአጨዳ ይቀራል፤ ከዚያ ወፍ ይጠብቃል፣ ገመድ ይገምዳል፣ የተጣላ ያስታርቃል። ሴቲቱ ግን ይህም የላትም። ዓይኗ እስኪፈዝ ትፈትላለች፣ የልጅ ልጅ ታዝላለች። ይህን በምንጽፍበት ሰዓት የቤታችን እመቤት በጓዳ ሆነው «እኔስ መቼ ነው ጡረታ የምወጣው?» ብለውናል፤ መልስ አላገኘንላቸውም።

ስለ መኳንንቱና ስለ ነገሥታቱ ያየን እንደሆነ ሁለት ዓይነት ሰው እናገኛለን። በትውፊት እንደሚነገረው አፄ ካሌብ ከናግራን ዘመቻ በኋላ ዘውዳቸውን ወደ ኢየሩሳሌም ልከው፣ ከአክሱም አጠገብ በአባ ጰንጠሌዎን ገዳም መንነው ተቀመጡ። ይህ በስድስተኛው መቶ ዓመት ነው። ብዙ ሽማግሌና ባልቴትም፣ በተለይ የትዳር ጓደኛ ሲሞት፣ ቆብ ደፍተው ከዓለም ሥራ ይሰናበቱ ነበር። በሌላው ወገን ደግሞ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ የጦር ሚኒስትር ሆነው፣ በ1919 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ ከሥራቸው አልተነሱም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ሲወርዱ የ82 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። በትንሽ ቮልስዋገን መኪና ተሳፍረው ሲሄዱ ያየ ሰው፣ ቀደም ብለው ለልጃቸው ቢለቁ ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያለ ይጠይቃል። እኛ በበኩላችን ቢሆን ኖሮ የሚለውን አንወድም፤ ነገር ግን መቼ ልውጣ የሚለው ጥያቄ የጸሐፊ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል።

ደመወዝ በገንዘብ ከመከፈሉ በፊት የመንግሥት አገልጋይ ማደሪያ መሬት ይሰጠው ነበር። ማደሪያው ለደመወዝ ምትክ ይሆናል፤ ካገለገለም በኋላ ለጡረታው ይሆናል። መሬቱ ግን የሚቆየው በሰጪው ፈቃድ ነበርና ሽማግሌው ደጅ ሲጠና ይኖራል።

በሕግ የተጻፈ ጡረታን በሰፊው የጀመሩት ጀርመኖች ናቸው። በቢስማርክ ጊዜ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1889፣ የሠራተኞች የእርጅና መድን ሕግ ሲወጣ ዕድሜው 70 ነበር። 65 የሆነው በ1916 ነው። የሚያስቀው ነገር ቢስማርክ ራሳቸው ያን ጊዜ 70ን አልፈው በሥራ ላይ ነበሩ፤ በማግሥቱ ዓመት ግን ገና 31 ዓመት የሆነው ንጉሣቸው አሰናበታቸው።

በእኛ አገር የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በድንጋጌ ቁጥር 46 ተጀመረና ጥቂት ቆይቶ በአዋጅ ቁጥር 209/1955 ጸና። ሠራተኛው ከደመወዙ 4 ከመቶ፣ መንግሥት ደግሞ 6 ከመቶ ያዋጣሉ ተባለ። መውጫው 55 ዓመት ነበር። ዛሬ ልጆቻችን 55 ዓመት ሲባል ይስቃሉ፤ ያን ጊዜ ግን 55 የሞላው ሰው ከዘራ ይዞ ነጠላውን አጣፍቶ የሚሄድ ሽማግሌ ነበር። 60 ዓመት የሚለው በ1995ቱ አዋጅ ቁጥር 345 ላይ ይገኛል። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ሁለት አዋጆች ወጡ፤ ቁጥር 714 ለመንግሥት፣ ቁጥር 715 ለግል ድርጅት ሠራተኞች። መዋጮውም ደረጃ በደረጃ ወደ 7 እና ወደ 11 ከመቶ አደገ። እስከዚያ ድረስ የግል ድርጅት ሠራተኛ የጡረታ ሕግ አልነበረውም። ቢበዛ ፕሮቪደንት ፈንድ የሚባለውን አንድ ጊዜ ተቀብሎ ይሰናበታል፤ ብሩም በልጅ ሠርግ ያልቃል።

በመካከል የ1967 ነገር አለ፤ ዘለን ልናልፈው አንችልም። ብዙ የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታውን አያምንም ነበር። የሚያምነው ክፍል ቤት ሠርቶ ማከራየትን ነው። ከደመወዙ እየቆጠበ በግቢው ውስጥ ሁለት ሦስት ክፍል ቀጠል አድርጎ «ይህ ሽምግልናዬን ይጦረኛል» ይላል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ወጣና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ። በደሳሳ ጎጆ ለሚኖረው ተከራይ ኪራይ ቀነሰለት፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን በሰፈራችን፣ ስማቸውን አንጠራም፣ ለ55 ዓመታቸው ብለው የሠሯቸውን አራት ክፍሎች ያጡ አንድ አባት እስከ 70 ዓመታቸው በር ላይ ተቀምጠው ማመልከቻ ሲጽፉ ኖሩ። ማመልከቻ መጻፍን ከእሳቸው ነው የተማርነው።

አሁን ወደምናውቀው ጉዳይ እንምጣ፤ እሱም የዕድሜ ጉዳይ ነው። በእኛ ዘመን የልደት ምስክር ወረቀት የነበረው ሰው ጥቂት ነው። እናት ልጇን የምትቆጥረው በነገር ነው፤ «ጠላት በገባ በዓመቱ»፣ «ጠላት በወጣ በሁለተኛው ክረምት» ትላለች። ሲቀጠር ግን ቅጹ ላይ ቁጥር ይፈለጋል። ሕጉ ደግሞ መጀመሪያ ሲቀጠር ያስመዘገበው ዕድሜ ነው የሚጸናው ይላል። ስንቱ ሰው በጡረታው ዋዜማ የክርስትና ካርድ ይዞ፣ ሦስት ምስክር አስከትሎ ወደ መስኮታችን እንደመጣ! አንዱ «አምስት ዓመት ጨምሬ ነበር፤ ልጅ ነህ ብለው እንዳይመልሱኝ ፈርቼ» ብሎ አለቀሰ። ማኅደሩን ከፍተን በራሱ እጅ የጻፈውን አሳየነው። ምን እናድርግ?

ነገሩ እኛንም አልማረንም። በ1970 ዓ.ም. ስድስተኛን ጨርሰን ሥራ ስንፈልግ ዕድሜያችን 17 ነበር። 18 ያልሞላው አይቀጠርም ስለተባለ 19 ብለን ጻፍን። ስለዚህ በ2011 ዓ.ም. «60 ሞልቷችኋል» የሚለው ደብዳቤ ሲደርሰን በእውነቱ 58 ነበርን። ደብዳቤውን ራሳችን በመዝገብ ቁጥር አስገብተን፣ ራሳችን በማኅደራችን አኖርነው።

ሒሳቡንም እንንገራችሁ፤ ይጠቅማልና። በእኛ ጊዜ በነበረው ሕግ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ ታይቶ 30 ከመቶ ይታሰብለታል። ከ10 በላይ ለያንዳንዱ ዓመት 1.25 ይጨመራል፤ ከ70 ከመቶ ግን አያልፍም። እኛ 41 ዓመት አገልግለን 68.75 ከመቶ ደረሰን። በደመወዝ 3,000 ብር ቢሆን 2,062 ብር ከ50 ሳንቲም ማለት ነው። 42 ዓመት ከሞላ 70 ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ዓመት መጨመር መቶኛውን አይጨምርም። አበሉም በየጊዜው ማስተካከያ ቢደረግለትም የጤፍ ዋጋን ሮጦ አይደርስበትም። እንግዲህ ሰው ለምን መቆየት እንደሚፈልግ ከዚህ ይገባችኋል። 10 ዓመት ያልሞላው ደግሞ ወርኃዊ አበል የለውም፤ ዳረጎት አንድ ጊዜ ተቀብሎ ይሄዳል።

የመቆየት ፈቃድም በሕግ ነበር። የ1999ኙ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 መሥሪያ ቤቱ ለሚፈልገው ሙያተኛ በአንድ ጊዜ እስከ 5 ዓመት፣ በጠቅላላው ከ10 ዓመት ሳይበልጥ አገልግሎቱን ማራዘም ይቻላል ይላል። ይህ ግን የተጻፈው ተተኪ ለማይገኝለት ሙያ እንጂ ለጸሐፊ አይመስልም። ለእኛ የመጣው የስድስት ወር ኮንትራት ነው። ምክንያቱም ፋይሎቹ የት እንዳሉ የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ይህንንም ያደረግነው እኛው ነን፤ ሥርዓቱን በወረቀት ሳይሆን በራሳችን ውስጥ ይዘነው ኖርን። ቆየን። ገንዘቡም ደስ አለን። ስድስት ወሩ ሲያልቅ ሌላ ስድስት ወር ተባለ። በዚህ ጊዜ አጠገባችን በጊዜያዊነት የምትሠራ ልጅ ነበረች፤ የቋሚነት ደብዳቤዋ አልወጣም። ለምን ብለን ስንጠይቅ «ቦታው በእርስዎ ተይዟል» አሉን። በማግሥቱ መስቀያዎቹን ሁሉ ቁጥር ጽፈን፣ ዝርዝሩን በሦስት ቅጂ አዘጋጅተን፣ ቁልፉን ለልጅቱ አስረከብን።

ጥሩ አደረግን ወይ? የመጀመሪያው ዓመት ክፉ ነበር። ጧት በ12 ሰዓት ተነስተን፣ ፊታችንን ተላጭተን፣ ኮት ለብሰን በረንዳ ላይ እንቀመጣለን። ገንዘቡም አንሷል። በሌላ በኩል አብሮን የሠራ አንድ ወዳጃችን ለልጁ የኮሌጅ ክፍያ ብሎ የመጋዘን ሌሊት ጥበቃ ገባ። ሦስት ክረምት ቆየ፤ በሦስተኛው ሳምባውን ታመመ። የቀበርነው እኛው ነን። ልጁ ግን ተመርቃለች፤ በቀብሩ ዕለትም በደመወዟ ነው ንፍሮ ያስቀቀለችው። እሱን ተሳስቷል የሚል ሰው ካለ እኛ አይደለንም።

በዚያ ለቅሶ ላይ ግን ያየነውን ሳንጽፍ አንቀርም። ሚስቲቱ የባላቸውን አበል እኩሌታ፣ 50 ከመቶ፣ ማግኘት ይገባቸው ነበር፤ ሕጉ እንዲህ ነው። ነገር ግን በማኅደሩ ውስጥ የጋብቻ ወረቀት አልነበረም፤ 34 ዓመት የቆየ የሽማግሌ ጋብቻ ነው። ፍርድ ቤት ሲመላለሱ ከዓመት በላይ ፈጀባቸው። ስለዚህ 60 የሞላችሁ ሦስት አባሎቻችንም፣ ገና ያልሞላችሁም፣ ውጡም ቆዩም፣ የጋብቻና የልጆች ወረቀታችሁ በማኅደራችሁ መኖሩን ጠይቁ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እስከ 6 ሰዓት በዕድሩ ቢሮ የመዋጮ መዝገብ ይዘን እንቀመጣለን። ወረቀታችሁን ይዛችሁ ብትመጡ አብረን እናየዋለን፤ መነጽራችንን እንዳንረሳ ግን አስታውሱን።