አማካይ ፍጥነትና አማካይ ቬሎሲቲ

አማካይ ፍጥነት ማለት አንድ አካል የተጓዘው ጠቅላላ ርቀት ጉዞው ለፈጀው ጠቅላላ ጊዜ ሲካፈል የሚገኘው መጠን ነው። አማካይ ቬሎሲቲ የሚገኘው ደግሞ የቦታ ለውጥ ለዚያው ጊዜ ሲካፈል ነው። የቦታ ለውጥ የሚባለው ከመነሻ እስከ መድረሻ በቀጥታ መስመር የሚለካው ርቀት ከነአቅጣጫው ነው። ፍጥነት ስኬላር ስለሆነ መጠኑ ብቻ ይበቃዋል፤ ቬሎሲቲ ግን ቬክተር በመሆኑ አቅጣጫው ካልተገለጸ አይሟላም። ሁለቱም በኪሎ ሜትር በሰዓት ወይም በሜትር በሰከንድ ይለካሉ። በኪሎ ሜትር በሰዓት የተሰጠን ቁጥር ለ3.6 ብናካፍለው ሜትር በሰከንድ እናገኛለን።

የሰበታ–ዶራሌ ምሳሌ

ከጅቡቲ ከተማ በስተ ምዕራብ የሚገኘው የዶራሌ ወደብ ከሰበታ የሚነሳው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር መድረሻ ነው። መስመሩ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 አዲስ አበባ ላይ ተመርቆ በጥር 2018 መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። ርዝመቱ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ሲነደፍ ለመንገደኛ ባቡር በሰዓት 120፣ ለጭነት ባቡር ደግሞ 80 ኪሎ ሜትር ታስቦለታል።

ሐዲዱ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ተነስቶ በደቡብ ምሥራቅ አቅጣጫ ወደ አዳማ ይወርዳል፤ በመተሐራና በአዋሽ አድርጎ ድሬዳዋ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ታጥፎ በደወሌ ድንበር ይሻገርና በአሊ ሳቢህ በኩል ወደ ባሕሩ ይዘልቃል። በቀጥታ መስመር ቢለካ ግን ከሰበታ እስከ ዶራሌ 570 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አቅጣጫውም ሰሜን ምሥራቅ ነው።

አንድ ባቡር ይህን ጉዞ በ15 ሰዓት ጨረሰ እንበል፦

አማካይ ፍጥነት = 750 ÷ 15 = 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት
አማካይ ቬሎሲቲ = 570 ÷ 15 = 38 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ

ባቡሩ ዕቃውን አራግፎ በዚያው ሐዲድ ሰበታ ቢመለስ የደርሶ መልሱ የቦታ ለውጥ ዜሮ ነው፤ ስለዚህ 1,500 ኪሎ ሜትር ቢጓዝም አማካይ ቬሎሲቲው ዜሮ ይሆናል።

የተለመደ ስሕተት

ሁለት ፍጥነቶችን ደምሮ ለሁለት ማካፈል ብዙ ተማሪዎችን ያሳስታል። አንድ የጭነት መኪና 240 ኪሎ ሜትር ዳገት ጭኖ በሰዓት በ30 ቢወጣ፣ ባዶውን በ60 ቢመለስ መልሱ 45 ይመስላል። መውጣቱ 8፣ መመለሱ 4 ሰዓት ስለሚፈጅ ትክክለኛው ስሌት 480 ÷ 12 = 40 ነው። መኪናው በዝግታ የተጓዘበት ሰዓት ስለሚበዛ አማካዩን ወደ ራሱ ይስባል። መደመርና ለሁለት ማካፈል የሚሠራው ሁለቱ ፍጥነቶች ለእኩል ጊዜ ሲቆዩ ብቻ ነው።

የቆመ ጊዜ

በጠቅላላ ጊዜ ውስጥ መቆሚያም ይቆጠራል። ሐዲዱ ከሰበታ እስከ አዳማ ድርብ ቢሆንም ከአዳማ ወዲያ ነጠላ ስለሆነ፣ ተቃራኒ ባቡሮች ለመተላለፍ ጣቢያ ላይ መጠባበቅ ይኖርባቸዋል። ከላይ በተጠቀሰው የ15 ሰዓት ጉዞ ባቡሩ 10 ሰዓት ተጉዞ 5 ሰዓት ቆሟል ብንል፣ በእንቅስቃሴ ላይ ሳለ በሰዓት 75 ኪሎ ሜትር ሄዷል ማለት ነው። አማካዩን ከ50 ወደ 60 ለማሳደግ ጉዞው በ12 ሰዓት ተኩል ማለቅ አለበት። ለዚህ ሁለት መንገድ አለ፦ መቆሚያውን በግማሽ መቀነስ፣ ወይም መቆሚያውን እንዳለ ትቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር መጓዝ። ሁለተኛው ለጭነት ባቡር ከታሰበው 80 ስለሚያልፍ የሚያዋጣው የመጀመሪያው ነው። ባሕር በር ለሌላት ኢትዮጵያ ዕቃ በቶሎ ይደርስ እንደሆነ የሚወስነው ከሞተሩ ጉልበት ይልቅ በየጣቢያው የሚባክነው ሰዓት ነው።