በቡአ ከረጢት የተሸሸገ ነቀርሳ

የምድር ባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ አዳማ የስምጥ ሸለቆው የንግድ መተላለፊያ ሆነች። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ፣ በ1962 ዓ.ም. ደግሞ የመተሐራ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲጀምሩ፣ አገዳ የሚቆርጥና ጆንያ የሚሸከም ሠራተኛ ወደ አካባቢው ጎረፈ። ከባድ ሸክም ለብሽሽት ቡአ መነሻ ከሚባሉት ምክንያቶች አንዱ መሆኑ ይታወቃል። በ1930ዎቹ መጨረሻ የሜኖናይት ሚስዮናውያን በቀድሞ የጥጥ መዳመጫ ሕንፃ ያቋቋሙት፣ በአርበኛው በደጃዝማች ኃይለ ማርያም ማሞ ስም የተጠራውና ዛሬ የሕክምና ኮሌጅ የሆነው የአዳማ ሆስፒታልም ይህን ሕዝብ ሲያገለግል ኖሯል።

ቡአ የተለመደ ሕመም በመሆኑ ሐኪሙን ያዘናጋል። ጣሊያናዊው ኤዶአርዶ ባሲኒ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ያስተዋወቀው ቀዶ ሕክምና ከረጢቱ ተከፍቶ እንዲታይና እንዲቆረጥ ያዝዝ ነበር። በዚያው ዘመን ፈረንሳዊው ፌሊክስ ሌዣር በቡአ ሥፍራ የሚገኙትን ዕጢዎች በሦስት ከፈላቸው፤ እነርሱም በከረጢቱ ውስጥ ባለው የሆድ ዕቃ የሚበቅሉ፣ በራሱ በከረጢቱ ግድግዳ ያሉ፣ ከከረጢቱ ውጭ የሚገኙ ናቸው። ከትልቁ አንጀት፣ ከቆሽት ወይም ከሴት የዕንቁላል ዕጢ የተነሣ ነቀርሳ ራሱን አስቀድሞ በብሽሽት የሚገልጥበት ጊዜ አለ። ይህም ከሺህ የቡአ ቀዶ ሕክምና ከ5 በታች በሚሆኑት ብቻ የሚታይ ነው።

አማርኛ ካንሰርን «ነቀርሳ»፣ ቲቢን «ሳንባ ነቀርሳ» ብሎ በአንድ ቃል ይጠራል። በከረጢቱ ላይ ፍሬ መሳይ ጉብታ ሲታይ ዓይንም እንደ ቋንቋው ሁለቱን መለየት ይሳነዋል፤ የሚለየው ማይክሮስኮፕ ነው። ሆኖም የሕብረ ሕዋስ ምርመራ ለረጅም ዘመን በአዲስ አበባና በጥቂት ታላላቅ ተቋማት ተወስኖ በመቆየቱ፣ የአውራጃ ቀዶ ሐኪም የቆረጠውን ከረጢት መጣሉ የሚያስገርም አልነበረም።

ዛሬ መረብ የሚያለብሰው ቀዶ ሕክምና በተስፋፋበት ጊዜ ከረጢቱ ብዙ ጊዜ ሳይከፈት ወደ ውስጥ ይገፋል። በዚህም ሕመምተኛው ፈጥኖ ይድናል፤ ሐኪሙ ግን ባሲኒ ይሰጠው የነበረውን የማየት ዕድል ያጣል። እያንዳንዱን ከረጢት ለምርመራ መላክ ወጪው ከጥቅሙ የሚበልጥ ነው። ነገር ግን በሸመገለ ሰው በድንገት የወጣ፣ የማይመለስና የጠጠረ ቡአ፣ ከክሳት፣ ከሆድ ውኃ ወይም ከአንጀት ልማድ መለወጥ ጋር ሲገኝ፣ ከምላጩ በፊት ሆድን መመርመር ይገባል። የወፈረ ወይም ጉብታ ያወጣ ከረጢት ከተገኘም በፎርማሊን ተቀምጦ ይላክ። ሕመምተኛው ቡአው ስለተሰፋለት ድኛለሁ ብሎ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ የሕመሙ ሥር በሆዱ ቀርቶ እንዳይሆን የሚጠብቀው ይህ ጥቂት ጥንቃቄ ነው።