ያገለገለ ብረት በአዲስ አበባ ቤትና ጓሮ

በአዲስ አበባ ያገለገለን ዕቃ ወደ ሌላ መገልገያ የመለወጥ ልማድ ከንግድ መስመርና ከቀጥቃጩ ታሪክ ጋራ የተያያዘ ነው። የጅቡቲ ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. ከከተማው በደረሰ ጊዜ፥ ለቤት ክዳን ቆርቆሮ፥ ለነዳጅ በርሜልና ለልዩ ልዩ ጣሳ ቀላል መግቢያ ተከፈተ። በውስጡ ያለው ቢያልቅም መያዣው አልተጣለም። በርሜሉ ተቀዶና ተዘርግቶ ለአጥርና ለበር ዋለ፤ ቁራጩ የከሰል ምድጃ ሆነ። ጣሳው በገበያ የእህል መስፈሪያ፥ በጓሮ ደግሞ የጤና አዳም መትከያ ሆነ።

ይህን ጥበብ የያዘው ቀጥቃጭ ግን «ቡዳ» እየተባለ ሲናቅ የኖረ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከለከሉ፤ ሆኖም ንቀቱ በአዋጅ ብቻ የሚጠፋ አልሆነም።

በኢጣልያ ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ገበያው ከአራዳ ወደ መርካቶ ተዛወረ። በዚያም ምናለሽ ተራ የዚህ ሥራ ዋና ስፍራ ሆነ። ቆራሌው በየሰፈሩ እየዞረ የገዛውን አሮጌ ብረት ወደዚያ ያደርሳል፤ ባለሙያው ላሜራውን ቀጥቅጦ ባልዲና ምድጃ፥ ያረጀውን ጎማ ቆርጦ ጫማ ያደርገዋል። መጠሪያውም «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ጥሪ የመጣ እንደ ሆነ ይነገራል።

እንግዲህ የከተማው ታሪክ በቤተ መንግሥትና በሐውልት ብቻ ቢጻፍ ጎደሎ ይሆናል፤ ማጀቱን ያሟላው፥ አጥሩንም ያቆመው ያ የተናቀ እጅ ነውና።