ከቅኔ ጉባኤ እስከ ዘጠነኛ ክፍል

ከቆሰበር ወደ ደቡብ የሚወስደው አውራ ጎዳና ቡሬን ካለፈ በኋላ ማንኩሳን ያገኛል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ. ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የበዛብህን የትውልድ ቀዬ ያደረጉት ይህንኑ ሥፍራ ነው። እንግዲህ የቆሰበር ተማሪ ይህን መጽሐፍ ሲያነብ የጎረቤቱን አገር ያነባል ማለት ነው። ሆኖም ስላነበበው ነገር አንድ ገጽ ጻፍ ሲባል ብዙ ጊዜ ብዕሩ ይቆማል። አንባቢ ሆኖ ሳለ ጸሐፊ ለመሆን ለምን ተሳነው? መልሱን ለማግኘት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ይገባል።

በጎጃም የቅኔ ጉባኤያት፣ በዋሸራም ሆነ በጎንጅ፣ መማርና መድረስ ተለያይተው አያውቁም። ተማሪው ግስና አገባብ ያጠናል፤ መምህሩ የዘረፉትን ቅኔ ያዳምጣል፤ ከዚያም ገለል ብሎ የራሱን ይቆጥራል፤ በመጨረሻም ለመምህሩ ነግሮ ይታረማል። የሚጀምረውም በሁለት ቤት ብቻ በምትቆመው ጉባኤ ቃና ነው፤ እርሷን ሲያደላድል ደረጃ በደረጃ እስከ መወድስ ይወጣል። የሌላውን ቅኔ የቱንም ያህል ቢያውቅ ራሱ ካልቆጠረ ተማረ አይባልም። ሐዲስ ዓለማየሁም ከዘመናዊው ትምህርት በፊት በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት ያለፉ ደራሲ ነበሩ። ይህ ሥርዓት እንከን የለሽ ነበር ለማለት አይደለም፤ ቋንቋው ግዕዝ፣ ደቀ መዝሙሩ በአብዛኛው ወንድ፣ ኑሮውም ቁራሽ ለምኖ ማደር ነበርና።

በ1901 ዓ. ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሲከፈት የውጭ ቋንቋዎች ትልቅ ሥፍራ ያዙ። ከ1933 ዓ. ም. ነጻነት በኋላም እንግሊዝኛ የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሆነ፤ አማርኛ ከትምህርቶች አንዱ ሆኖ ቀረ። ከውጭ የመጣው የ«ኤሴይ» ስም ግን ለእኛ እንግዳ ሐሳብ አልነበረም። ፈረንሳዊው ሞንቴኝ እ. ኤ. አ. በ1580 ጽሑፎቹን በዚህ ስም ሲያሳትም ቃሉ «ሙከራ» ማለት ነበር፤ የቅኔ ቆጠራም በየዕለቱ የሚደረግ ሙከራ ነው።

በአዊ ነገሩ ሌላ ገጽታ አለው። ከ1986 ዓ. ም. የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ አውኚ በአንደኛ ደረጃ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆኗል። በአውኚ የጀመረ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ አማርኛንና እንግሊዝኛን ጨምሮ ሦስት ቋንቋ ተሸክሞ ነው። ይህን ሸክም ብቻ አድርገን ካየነው እንበድለዋለን፤ ከአያቱ የሰማው የአውኚ ተረት ለመጀመሪያ ድርሰቱ ከበቂ በላይ የሆነ ስንቅ ነውና።

ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው? የምርጫ መልስ የሚጠይቀው ብሔራዊ ፈተና ተማሪው አንዲት ዐረፍተ ነገር እንኳ እንዲጽፍ አያስገድደውም፤ የማይፈተነውም ነገር ቀስ በቀስ የማይማሩት ይሆናል። በተጨናነቀ ክፍል የሁሉን ደብተር ማረም ከባድ መሆኑንም እናውቃለን።

ነገር ግን የቅኔ መምህራን መላውን አሳይተውናል። በጉባኤ ቃና ልክ እንጀምር፤ ከአንድ ምዕራፍ ንባብ በኋላ አምስት ዐረፍተ ነገር ብቻ ይጻፍ፤ በጉባኤው ፊት ይነበብ፤ ጓደኛ ጓደኛውን ያርም፤ መምህሩ በየተራ ጥቂቱን ይመልከት። ይህን ለማድረግ አዲስ መመሪያ መጠበቅ አያሻም። በማንኩሳ መንገድ ላይ ያደገ ልጅ የራሱን አገር በራሱ ብዕር ሳይጽፍ ከትምህርት ቤት ቢወጣ ግን፣ ጉድለቱ የእርሱ ብቻ ሳይሆን የእኛም የመምህራን ነው።