ርስትና የትውልድ ቈጠራ በኩልመስክ

የተከዜ ወንዝ በሚነሣበት በላስታ ደጋ፥ በኩልመስክና በዙሪያዋ፥ መሬት የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ የሚቈጥረው ጥማዱን ሳይሆን አያት ቅድመ አያቶቹን ነበረ። በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ትውልዱን አገሩን ካቀናው ከመጀመሪያው አባት ያደረሰ ሁሉ የርስት ተካፋይ ነበረና። ጉልተኛው ግብር ይቀበላል እንጂ መሬቱ የርሱ አልነበረም፤ ጉልትም በ1958 ዓ.ም. በሕግ ቀረ።

በደቡብ ምዕራብ ደን የኖሩት ማጃንጎች እርሻው ሲደክም ትተውት ይሄዱ ስለ ነበረ፥ እያንዳንዱ የእኔ ብሎ የሚጠብቀው በዛፍ ላይ የሰቀለውን የንብ ቀፎ ነበረ። መሬት በጠበበበት በላስታ ግን ሰነዱ የሽማግሌ ትዝታ ነው፤ ሽማግሌው ሲሞት ሙግቱ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ሴት ልጅ ከወንድሟ እኩል ወራሽ ነበረች፤ ነገር ግን ወደ ባሏ ቀዬ ስትሄድ ድርሻዋን ወንድሞቿ ያርሱት ነበረ። የሚቈጥረው አቅኚ አባት ያልነበረው ሰው፥ ለባለርስቱ ማረሻ የሚያበጀው አንጥረኛ ጭምር፥ ቢያርስ የሰው መሬት ነበረ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ። ለአንድ ቤተ ሰብ እስከ 10 ሄክታር ፈቀደ፤ በላስታ ይህን ያህል መሬት ከየት ይገኛል! ያም ሆኖ በሞቱት አያቶች ፈንታ በሕይወት ያሉት የቤት ሰዎች ተቈጠሩ፤ ትውልድ መቍጠር የማይችለውም መሬት ለመጠየቅ በቃ። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በሚሰጠው የይዞታ ደብተር ደግሞ የሚስት ስም ከባሏ ስም ጋር ይጻፋል፤ ፎቶግራፏም ከፎቶግራፉ ጐን ይለጠፋል።